የእማዬ ፊልትሮ

«እሱ ምስኪን ሥራውን ዘግቶ ሲንከራተት፣ አንቺ አንዲት የሆስፒታል ካርድ መያዝ አቅቶሽ እናትሽን ልትገድያት ነው!»

መካኒኩ ይህን የሰማው የእናቱን በር ሊያንኳኳ እጁን እንዳነሳ ነበር። እጁ አየር ላይ ቀረ። ተቆጪዋ አክስቱ ናቸው፤ የእናቱ ታላቅ እህት፣ ሲያንሾካሹኩ እንኳ ጎረቤት የሚሰማቸው ሴት። ቁጣው የሚወርድባት ደግሞ ታናሽ እህቱ ናት፤ ቀን ፎቶ ኮፒ ቤት ስትጽፍና ስታባዛ ውላ ማታ ወደዚችው ሁለት ክፍል ቤት ተመልሳ እናቷን የምታስታምም። «እኔ አላየሁትም እትዬ፤ ስንቴ ልንገርዎት?» አለች። ድምጿ ከድስት መንኳኳት ጋር ተደባልቆ ወጣ። ሰውየው በብብቱ የያዘውን ዳቦ ጠበቅ አደረገ። እንግዲህ እውነቱን ከአሁኑ ማወቅ ይሻላል፤ ካርዱ የት እንዳለ ያውቃል። ጋራዡ ውስጥ፣ አሮጌ ኩሽኔት የሚጥልበት መሳቢያ ውስጥ ነው። ይህን እያወቀ አራት ቀን ሙሉ ፍራሽ ሲገለብጥ፣ አልጋ ሲያነሳ፣ የድሮ ፎቶ አልበም ቅጠል በቅጠል ሲገልጥ፣ «ኧረ የት አባቱ ገባ!» እያለ ከሰው ሁሉ በላይ ሲፈልግ ሰንብቷል። ዓይንን በጨው ማጠብ ማለት ይሄ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ጉሮሮውን ጠረገና አንኳኳ።

«ግባ፣ ግባ የኔ ልጅ» አሉ አክስቱ፤ ያ ሁሉ ቁጣ ባንድ ትንፋሽ ማር ሆነ። ቤቱ ሌባ የፈተሸው ይመስላል። ፍራሹ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ የውሃና የመብራት ደረሰኝ፣ የትምህርት ቤት ሰርተፊኬት፣ ያለቀ መድኃኒት ካርቶን ወለሉ ላይ ተከምሯል። ክምሩን በየዓይነቱ የለየችው እህቱ ናት፤ በእያንዳንዱ ላይ ምን እንደሆነ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፏ ጽፋ ቁራጭ ወረቀት አስቀምጣለች። እናትየው ሻርፗን አስራ፣ የእጅ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ያለ ፍራሽ የቀረው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ወገቧን ሰንጎ ከያዛት ሁለት ወር አልፏታል፤ ስትነሳም ስትቀመጥም ከንፈሯን ነክሳ ነው። ልጇን ከእግር እስከ ራሱ አየችውና፣ «አንተ ጋስ ፈልገሃል?» አለችው፣ ዳቦ ገዝተሃል ወይ እንደማለት አድርጋ።

«እኔ ጋ ምን ይሠራል እማዬ?»

«እንዲያው ነው» አለች፤ ዓይኗንም ወደ ቦርሳዋ መለሰች።

እህቱ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ እጇን በጨርቅ እያደረቀች ነበር። አክስቱ ግን አላስችል አላቸውና፣ «እሱን ምን ትጠይቂዋለሽ፤ ወንድ ልጅ ወረቀት ይጠብቃል? አብራሽ የምትኖረው ማን ሆና!» አሉ። መካኒኩ ዳቦውን ጠረጴዛ ላይ አኖረ። ያን ጊዜ መናገር ይችል ነበር። በሩ ክፍት ነው፣ ሰው ሁሉ ዘመድ ነው፣ የሚፈጀው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። እሱ ግን «እንሂድ፣ መንገዱ ይጨናነቃል» አለና የእናቱን ክንድ ያዘ።

የካርዱ ነገር የተነሳው ከአራት ዓመት በፊት በደረሰ ጣጣ ነው። ያኔ እናቱ ደረጃ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ፤ በቀዶ ጥገና ተስተካከለ፤ ከዚያ እግሯ ውስጥ ደም ረጋ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እንዳይሰጧት ጨጓራዋ ይደማል። ስለዚህ የግል ሆስፒታሉ ሐኪም ወንዱን ልጅ ለብቻው ጠራና በወረቀት ላይ ሣለለት፤ ጨርቁ የተገፈፈ የጃንጥላ ሽቦ የምትመስል ትንሽ ነገር ሆዷ ውስጥ ባለው ትልቁ የደም ሥር ትቀመጣለች፤ ከእግር የተነሳ የረጋ ደም ሳንባዋ ጋ ከመድረሱ በፊት ትይዘዋለች። «ፊልተር ነው» አለው ሐኪሙ። «ፊልትሮ!» ብሎ ሳቀ መካኒኩ፤ «እሱንማ ለኔ ተውት ዶክተር፤ እኔ ፊልትሮ ስቀይር ነው ያረጀሁት።» ሐኪሙም ሳቀ፤ ቢሆንም ጣቱን ቀሰረ። «ዕድሜ ልክ የሚቆይ ዓይነት አለ፤ ይሄኛው ግን እንደሱ አይደለም። አደጋው ሲያልፍ፣ በሦስት ወር ውስጥ ይወጣል። ከቆየ እግሮቹ የደም ሥሩ ግድግዳ ውስጥ ይሰርጋሉ፤ ሊሰበሩም ይችላሉ። ይህን ካርድ እንዳትጥለው።» ካርዱ ላይ የፊልተሩ ዓይነት፣ የገባበት ቀንና ስልክ ቁጥር ሰፍሯል። እህቱ ያን ጊዜ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ለሷ ማንም ምንም አልነገራትም፤ እሱም ሲወጣ «አታስቢ፣ ነገሩ የኔ ሙያ ነው» ብሏት አለፈ።

ዛሬ ሆስፒታሉ ሌላ ነው፤ ያኛው የግሉ ተዘግቷል፣ መዝገቡም የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ከአራት ቀን በፊት «ካርዱን ፈልጉ» ያለቻቸው ወጣቷ ዶክተር ባለፈው ሳምንት ያነሳችውን የራጅ ፊልም ብርሃን ላይ ሰቅላ ለሁሉም አሳየቻቸው። የጃንጥላዋ አንዷ እግር የደም ሥሩን ወግታ ወደ ውጭ ወጥታለች፤ ሌላዋ ተሰብራ ለብቻዋ ትታያለች። «እማማ፣ የወገብዎ ሕመም ከዚህ ነው» አለች። ይህን የሚያወጣው ስፔሻሊስት ከሌላ ከተማ የሚመጣው በስንት ጊዜ አንዴ ነው፤ ዛሬ ከሰዓት ይገባል፣ ከዚያ እስከ ሦስት ወር አይመለስም። «ዓይነቱን ሳናውቅ ግን በጭፍን አንገባም። መንጠቆው ወዴት እንደዞረ፣ በአንገት ይሁን በእግር እንደሚጎተት የሚነግረን ካርዱ ነው። እስከ ስድስት ሰዓት ካመጣችሁ አመጣችሁ፤ ካልሆነ ሦስት ወር መጠበቅ ነው፤ መጠበቁ ደግሞ ያሰጋኛል።» አክስቱ ይህን ሲሰሙ ወደ እህቱ ዞረው ራሳቸውን ነቀነቁ። እህቱ መሬት መሬት አየች። መካኒኩ ሰዓቱን አየ፤ ሦስት ተኩል ሆኗል። «ጋራዥ ደርሼ መጣሁ፤ ቁልፉን ለልጆቹ ልስጥ» አለና ወጣ። እውነት መናገር አቅቶት፣ ለውሸቱ ግን ወዲያው ምክንያት ተገኘለት።

ጋራዡ ውስጥ መካኒኩን ሁሉም የሚጠራው «ማስታወሻ» ብሎ ነው። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። ዘይትና ፊልትሮ የቀየረለትን መኪና ሁሉ ታርጋ ቁጥርና የሚቀጥለውን ቀን ነጭ ፕላስተር ላይ ይጽፋል፤ አንዱን ቁራጭ መኪናው በር ላይ፣ አንዱን የራሱ የብረት ቁም ሳጥን ላይ ይለጥፋል፤ ቀኑ ሲደርስ ስልክ ይደውላል። በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም። አንድ ሳምንት ያሳለፈ ሾፌር በሰው ፊት ልክ ልኩን ይነገረዋል። ዛሬም ገና ሲገባ አንድ የሚኒባስ ሾፌር ኮፈኑን ከፍቶ ይጠብቀው ነበርና፣ «ማስታወሻ፣ ትንሽ አሳልፌያለሁ፤ እንግዲህ ስድቡን ጀምር» አለው እየሳቀ። መካኒኩ አልሰደበውም። «ይሁን፤ ይቀየርልሃል» አለው። ሾፌሩ ግራ ተጋባ። «አሞሃል እንዴ? አንተ እኮ ባትኖር ይሄን ሞተር ድሮ ገድዬው ነበር!» ሲለው፣ መካኒኩ ፊቱን አዙሮ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደ።

የቁም ሳጥኑ በር ላይ ፕላስተር በፕላስተር ላይ ተደራርቧል። ከታች በቀኝ በኩል ያለውን በጥፍሩ ላጠው፤ ሥሩ ሌላ፣ ከሱም ሥር ሌላ ነበር። አራተኛው በራሱ ጽሑፍ፣ «እማዬ። ፊልትሮ። መውጫ» ይልና ወሩን ጽፏል። ቀለሙ እንኳ አልደበዘዘም። ሰዎች ረስቶት ነው ብለው ቢያስቡለት ደስ ይለው ነበር፤ ግን አልረሳውም። በሦስተኛው ወር ሆስፒታሉ ደወለ፤ እሱ የጭነት መኪና ሥር ተኝቶ ነበርና «እሺ፣ በዚህ ሳምንት» አለ። ሌላ ጊዜ ደወሉ፤ «ከሰኞ በኋላ» አለ። ከዚያ መደወሉን ተዉት። በስድስተኛው ወር አንድ ቀን ዓይኑ ይቺ ፕላስተር ላይ አረፈ። ወዲያው እናቱን ይዞ ቢሮጥ ኖሮ ነገሩ ያን ጊዜ ያልቅ ነበር። ግን «አሁን ይዣት ብሄድ ያ ሐኪም ምን ይለኛል? የኔ ሙያ ነው ብዬ ስቄ አልነበር?» ብሎ አፈረ። ስላፈረም በገዛ እጁ የአንድ ፒክአፕ ታርጋ ጻፈና ከላዩ ለጠፈበት። እናቱ፣ «ያ ሽቦ ግን አይወጣም እንዴ?» ብላ ስትጠይቀው፣ «ዕድሜ ልክሽን ይጠብቅሻል ብለዋል» አላት። እሷም ደስ ብሏት ለጎረቤት ሁሉ አወራች። ልጄ የፊልትሮ ነገር ያውቃል፣ የኔንም የያዘው እሱ ነው እያለች።

መሳቢያውን ሳበ። ካርዱ በኩሽኔቶቹ መካከል በፖስታ ውስጥ ተቀምጧል። ኩሽኔቶቹን ሲገፋ ግራሶ በነካው እጁ ሲያወጣው የአውራ ጣቱ አሻራ ጥግ ላይ ጥቁር ሆኖ ታተመ። በቱታው ሊጠርገው ሞከረና ይባስ አሰፋው። ካርዱን ይዞ መኪናው ውስጥ ሲገባ ሊናገር ቆርጦ ነበር፤ እግዜር ያውቃል፣ እስከ መጀመሪያው መብራት ድረስ ቆርጦ ነበር። መብራቱ ቀይ ሆኖ ሲቆም የአክስቱ ፊት ታየው፤ ከዚያ የእህቱ፣ ከዚያ የእናቱ። አረንጓዴ ሲበራ ሌላ ሐሳብ መጣለት። ዋናው ነገር ካርዱ መገኘቱ አይደል? የት ተገኘ የሚለው ምን ያደርጋል?

ሆስፒታል ሲደርስ አምስት ሰዓት አልፏል። መተላለፊያው ላይ ወንበሩ ሁሉ ተይዟል፤ የጠርሙስ ውሃ የሚሸጠው ሰውዬ ከውጭው ዋጋ እጥፍ ይጠራል፤ አክስቱም ከሱ ጋር እየተከራከሩ ነው። እህቱ መዝገብ ቤቱ መስኮት ፊት ተሰልፋለች። እናቱን ገብታ ልብስ እንድትቀይር ስላስገቧት ቦርሳዋ ብቻ ወንበሩ ላይ ቀርቷል። መካኒኩ አጠገቡ ተቀመጠ። ግራና ቀኝ አየ፤ ዚፑን ከፈተ፤ ካርዱን ከመነጽር ቤቷ ኋላ ሸጎጠ፤ ዘጋው። እጁ አልተንቀጠቀጠም፤ በኋላ ያሳፈረው ይሄም ጭምር ነው። አክስቱ ውሃቸውን ይዘው ሲመለሱ፣ «እስቲ የእማዬን ቦርሳ ደግሞ እንየው» አላቸው።

«ሁለቴ አራግፌዋለሁ» አለች እህቱ፣ ሰልፉን ጨርሳ እየመጣች።

አክስቱ አልሰሟትም፤ ቦርሳውን ከፍተው እጃቸውን ከተቱ። «ይኸው! ወይ ጉድ! ይኸውና!» አሉ፤ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ዞረ። «አራት ቀን ሙሉ እናትሽ ቦርሳ ውስጥ! ሰው ፍራሽ ሲያገላብጥ፣ እሱ ሥራውን ፈትቶ ሲለፋ! ዓይን የለሽም?» ካርዱን ገልበጥ አድርገው ጥቁሩን አሻራ አዩ። «ደግሞ ይሄ ጥላሸት! ወጥ ቤት ስታንከባልዪው ኖረሽ ነው።» እህቱ ካርዱን ተቀበለቻቸው። ከወረቀት ጋር የምትውል ልጅ ናት፤ አሻራውን በጣቷ ነካችው፣ ካርዱን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ናፍታና ግራሶ ይሸታል። ቀና ብላ ወንድሟን አየችው። እሱ ቀድሞ ዓይኑን ሰበረ፤ የውሃ ሻጩን ጠርሙሶች መቁጠር ጀመረ። አንድ ቃል ትናገራለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን ካርዱን ይዛ ወደ ዶክተሯ ክፍል ሄደች፤ ጫማዋ ብቻ ከሩቅ ይሰማ ነበር።

«ጎበዝ!» አለች ዶክተሯ፣ «መንጠቆው ወደ ላይ ነው፤ በአንገት በኩል እንገባለን።» ከሰዓት ስፔሻሊስቱም ደረሰ። እናቱን በተሽከርካሪ አልጋ ሲያወጧት ሻርፗን አስወልቀዋት ነበርና ሽበቷ ተበትኖ ትንሽ ሴት መስላለች። በሩ ጋ ሲደርሱ «ቆይ» አለች። የልጇን እጅ ያዘች፤ አውራ ጣቱን ገልብጣ አየችው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ቱታውን ያጠበችለት ሴት ናት። ከዚያ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ፣ «እጅህን ታጠብ፣ ልጄ» አለችው። አልጋው ገባ፤ በሩ ተዘጋ።

ታጠበ። ከመጸዳጃ ቤቱ ቧንቧ ሥር ሳሙናው እስኪያልቅ ታጠበ። መዳፉ ነጣ፣ ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁር ግን ንቅንቅ አላለም። ታውቅ ነበር ለካ። ጠዋት «አንተ ጋስ ፈልገሃል?» ስትለው ታውቅ ነበር። «ዕድሜ ልክሽን» ያላት እሱ እንጂ እህቱ እንዳልሆነች መቼ ይጠፋታል? እሱን ላለማሳፈር አራት ቀን ሙሉ ሴት ልጇ ስትወቀስ አይታ ዝም አለች። ለሷም ቀላል አልነበረም፤ ያንን ዝምታ ያስታቀፋት እሱ ነው። ፊቱን በመስታወት ማየት አልፈለገም። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር፤ ግን መሬቷ የሴራሚክ ንጣፍ ናት፣ ዝም ብላ ታበራለች። እርጥብ እጁን እያንጠባጠበ ወጣና አክስቱና እህቱ ፊት ቆመ።

«ካርዱ እኔ ጋ ነበር» አለ። ድምፁ ከፍ ብሎ ወጣ፤ ሰው ዞረ። «አራት ዓመት ጋራዥ ውስጥ ነበር። ቦርሳው ውስጥ የከተትኩት አሁን፣ እዚሁ ነው። ሆስፒታሉ ሁለቴ ደውሎልኛል። እማዬን ዕድሜ ልክ ነው ያልኳት እኔ ነኝ። እሷ ምንም አታውቅም» ብሎ ወደ እህቱ ጠቆመ።

አክስቱ አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። መካኒኩ ስድቡን ጠበቀ፤ እንዲያውም ናፈቀው። እሳቸው ግን በረጅሙ ተነፈሱ። «ረስተህ ነው እንግዲህ። ምን ታድርግ፣ ሥራ በዝቶብህ። ማን ያልረሳ አለ?»

«አልረሳሁም እትዬ። አፍሬ ደበቅሁት።»

«ረስቶ ነው!» አሉ ለአካባቢው ሰው ሁሉ፣ እንደ ጠበቃ። «ይሄን ሁሉ ቤተሰብ ተሸክሞ! ና ተቀመጥ፣ ፊትህ ገርጥቷል።» ከዘንቢላቸው ፔርሙሱን አወጡ፤ ክዳኑ ላይ ሻይ ቀድተው፣ እያበረደ እንዲጠጣ ነፋ ነፋ አድርገው ሰጡት። ከዚያ ወደ እህቱ ዞር ብለው፣ ያለ ቁጣ፣ ምክር በሚመስል ድምፅ፣ «አንቺስ ብትሆኚ? አብረሽ እየኖርሽ አንድ ቀን እንኳ ይሄ ነገር እንዴት ሆነ ብለሽ አትጠይቂም?» አሏት።

«እትዬ፣ በቃ!» አለ መካኒኩ። በቁጣው እሱም ደነገጠ። ጆሮው ድረስ ነደደ። እሷን አራት ቀን ሲያቃጥላት የሰነበተው ነገር ለሱ አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም፤ ይቅርታው ከነሻዩ መጣለት። እንዲህ ያለ ውርደት ገጥሞት አያውቅም። ተሰድቦ ቢሆን ይሻለው ነበር። ከፔርሙሱ ክዳን እንፋሎት ይወጣል። ወደ እህቱ ዘረጋላት። «እንቺ፣ ጠጪ» አላት። ጠዋት ምግብ እንዳልቀመሰች አሁን ገና ትዝ አለው።

እህቱ ክዳኑን አየችው፤ ከዚያ እሱን። ዓይኗ ውስጥ እንባም ቁጣም የለም፤ ድካም ብቻ ነው ያለው።

«ላንተ ነው የተቀዳው» አለች።

ክዳኑን በሁለት እጁ እንደያዘ ተቀመጠ። ሁለት ሰዓት ይሁን ሦስት ጠበቁ። በሩ ሲከፈት ሦስቱም ባንዴ ተነሱ። ዶክተሯ አፍና አፍንጫዋን የሸፈነችበትን ጨርቅ ወደ አገጯ ዝቅ አድርጋ፣ «ደህና ናቸው፤ ነቅተዋል» አለች። ፊልተሩ ወጥቷል። የተሰበረችው እግር ግን ግድግዳው ውስጥ ሰርጋ ስለቆየች ቢታገሏት ጉዳቱ ይብሳል፤ እዚያው ትተዋታል። በየስድስት ወሩ እየመጡ በፊልም ማየት ነው።

«እስከ መቼ?» አለች እህቱ።

«ዕድሜ ልክ» አለች ዶክተሯ።

ዶክተሯ ከኪሷ አዲስ ካርድ አወጣች፤ ንጹሕ፣ ነጭ፣ የሚቀጥለው ቀን የተጻፈበት። ማንን እንደምትሰጥ ሦስቱን በዓይኗ ቃኘች፤ ሰው እንደለመደው ወደ ወንዱ ዘረጋች። አክስቱም ፈጥነው፣ ፊታቸው ባንዴ በርቶ፣ «አዎ፣ ለሱ ይስጡት! እሱ እኮ ሰፈሩ ሁሉ ማስታወሻ እያለ ነው የሚጠራው!» አሉ።

የመካኒኩ እጅ አልተነሳም። ካርዱ አየር ላይ ቆየ። በስተመጨረሻ እህቱ ከጎኑ እጇን ዘርግታ ተቀበለች፤ ቀኑን አነበበች፤ ገልብጣ ጀርባውን አየች፤ ከቦርሳዋ ስክሪብቶ አወጣችና ካርዱን ከስክሪብቶው ጋር መልሳ ለዶክተሯ ሰጠቻት።

«ስልክ ቁጥር የሚለው ላይ የኔን ይጻፉልኝ» አለች።

ቁጥሯን አንድ በአንድ ስትናገር ወንድሟ ቆሞ ሰማ። በእጁ የያዘው ሻይ ከቀዘቀዘ ቆይቷል፤ የሚያስቀምጥበት ቦታ ስላጣ ጠጣው።